ቦግ ባዩ ሙሽራ

እትዬ እታገኘሁ ስም ሳይጠይቁ ዊልቸር አይገፉም። ኤርፖርት ውስጥ ሥራቸው አቅመ ደካማ መንገደኛን አውሮፕላኑ በር ማድረስ ነው፤ ሌላው ዝም ብሎ ይገፋል፣ እሳቸው ግን «ስምዎ ምን ማለት ነው?» ሳይሉ ንቅንቅ የለም። ኮሪያዊውም ሜክሲኳዊቷም ደስ እያላቸው ይነግሯቸዋል። በስደት አገሩ የሐበሻ ሰፈር፣ ፌርፋክስ ላይ «የስም ሊቋ» እያለ የሚቀልድባቸው ሁሉ፣ ልጅ ሲወለድለት ሮጦ የሚያማክረው እሳቸውን ነው። የዋዛ ሴት እንዳይመስሏችሁ!

የራሳቸውን ስም ያወጣው ታላቅ ወንድማቸው ቴዎድሮስ ነው። እህት ስትወለድለት «እት አገኘሁ!» ብሎ ጮኸ፣ በዚያው ጸና። በኋላም ከቁጡ ባላቸው ሸሽተው፣ ልጃቸውን ራኬብን አዝለው ደጁን ሲያንኳኩ፣ ምን ሆነሽ እንኳ አላለም። «ግቢ፣ ቤትሽ ነው» አላቸው። አሁን በሕይወት የለም፤ ነፍሱን ይማረው።

ታዲያ እኚህ ሴት አንድ ሰው ብቻ ሳይጠይቁ ቀሩ፤ የገዛ ልጃቸውን እጮኛ! ራኬብ ፓሳዴና ሆስፒታል ስትሠራ የወደደችው ሰርቢያዊ ነርስ ስሙ ቦግዳን ነው። እናት ይህን ሲሰሙ ክው አሉ።

«ቦግ? ቦግ የሚል ሰው ላገባ ነው ትይኛለሽ? ዳን ያሉትማ እንዲሻለው ነዋ!»

«እማዬ፣ አማርኛ እኮ አይደለም!»

ማን ሰምቷት! ቦግ የሚል ባል ምን እንደሆነ እሳቸው ያውቁታላ።

ቦግዳን በእኛ ወግ ሽማግሌ ላከ። ባለታክሲው ጋሽ ጌታሁን፣ ልጁን ውጭ መኪናው ውስጥ አስቀምጠው፣ ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ያለው የእናትየው ቤት ገቡና ለመኑ። «አልሰጥም» አሉ እትዬ እታገኘሁ። ራኬብ እንባዋ መጣ።

«ለማታውቂው መንገደኛ ሁሉ የምትጠይቂውን ለእሱ ነፈግሽው! አንድ ቀን እንኳ ስምህ ምን ማለት ነው ብለሽዋል?»

ሌላ ሰው ቢሆን ምክንያት ይደረድር ነበር። እትዬ እታገኘሁ ግን «እውነትሽን ነው። ጥሩት» አሉ።

ቦግዳን መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ፤ ግባ ያለው የለም። እናት የስሙን ትርጉም በእንግሊዝኛ ጠየቁት። እሱም ፊቱ እየቀላ መለሰ። ቦግ በወገኖቹ በስላቮች ቋንቋ አምላክ ነው፤ ክርስትና ሳይደርሳቸውም አምላክን እንዲሁ ይሉት ነበር። ዳን ደግሞ የተሰጠ። እናቱ ለብዙ ዘመን ልጅ አጥታ፣ በስለት ያገኘችው እሱን ነው።

«እግዜር የሰጠው ማለት ነው» አለ። «ግሪኮቹ ቴዎድሮስ የሚሉት።»

እትዬ እታገኘሁ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ወይኔ ጉዴ!» አሉ በአማርኛ፣ እንባቸው እየወረደ። «በሩን የከፈተልኝን ሰው ስም በር ላይ አቆምኩት!»

ተነሡና ክንዱን ያዙት።

«ግባ፣ ልጄ። ቤትህ ነው።»