ስፖንጅ የለበሰው ዱላ

ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ እስክርቢቶ የያዝኩት ለፊርማ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም። ትናንት ግን ዳንግላ ገበያ፣ አንድ ሱቅ በር ላይ ናንቻኩ ተሰቅሎ አየሁና ቤት እስክደርስ ከልቤ አልወጣ አለኝ። ጥቁር ስፖንጅ የለበሱ ሁለት አጫጭር ዱላዎች፣ በሰንሰለት የተያያዙ።

ኩንግ ፉ የጀመርኩት ትምህርት ባቆምኩበት ዓመት ነው። ሰው ሰላም ሲለኝ ነጠላዬን አፌ ላይ የምይዝ ልጅ ነበርኩ። ልምምድ ሜዳው ላይ ግን አሰልጣኙ "ጩኺ" ሲለኝ እጮኻለሁ። ድምፄን የምሰማው እዚያ ብቻ ነበር። በላብ ርሼ ስመለስ አባቴ ትኩስ ድንች ከሚጥሚጣ ጋር አስቀምጦ ይጠብቀኛል።

አንድ ቀን አሰልጣኙ ናንቻኩ ይዘን እንድንመጣ አዘዘን። ከአባቴ ጋር ሱቅ ሄድን። አባቴ ስፖንጁን በጣቱ ጫን፣ ለቀቅ አደረገና ሳቀ።

"ሐጂ፣ ለዱላም ፍራሽ ይነጠፍለት ጀመር?"

"ለለማጅ እኮ ነው" አሉት ባለሱቁ። "ለማጅ ሲስት የሚመታው ራሱን ነው።"

"የእኔ ልጅ በአሻንጉሊት አትማርም።"

የመስከረም ጭቃ ገና አልደረቀም። ከጓሯችን ወይራ ቆረጠ፤ ልጦ፣ ቅቤ ቀብቶ፣ እሳት እያሞቀ አቃናው። በበሬ ቆዳ ጠፍር አያያዘው። ከበድ ያለ፣ ለስላሳ፣ ቅቤና ጭስ የሚሸት ነበር። እንደዚያ የሚያምር ነገር ተሠርቶልኝ አያውቅም።

አሰልጣኙ በእጁ መዘን አድርጎ መለሰልኝ። "ይሄ ዱላ ሰው ለመጣል ነው እንጂ ለልምምድ አይሆንም። የሱቁን አምጪ።"

ለአባቴ ብነግረው ቅር አለው። "እንግዲያ እዚሁ ተለማመጂ፤ እኔ አይሻለሁ።"

ከቀርከሃው አጥር ሥር ዱካ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። ቀስ እያልኩ ሳዞረው፣ "ጠንከር አድርጊ እንጂ፣ ዝንብ ነው የምታባርሪው?" አለኝ። ጠንከር አደረግሁ። ትከሻዬን ዞሮ ሲመለስ ግራ ዐይኔን አገኘው።

በጋሪ ወደ ሐኪም ሲያደርሰኝ ጋቢው በደም ርሷል። የግራ ዐይኔ ብርሃን አልተመለሰም።

ቤት እንደገባን ናንቻኩውን ፈልጦ ምድጃ ውስጥ ጨመረው። ቅቤ የጠጣ ወይራ ሲነድ ሽታው ቤቱን ሁሉ ሞላው። ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል አልተናገረም። ከዚያ ወዲህ ግን ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ በግራዬ ነው የሚሄደው። ከባጃጅና ከጋሪ ሊጠብቀኝ ነው እል ነበር። ማዕድ ላይም በግራዬ ይቀመጣል። ማዕድ ላይ ደግሞ ምን ሊመጣብኝ? አፍሬ አልጠየቅሁትም። ፊቱን ሳላይ አብረን በላን፣ አብረን ኖርን።

ትናንት ሱቁ በር ላይ ቆሜ ስፖንጁን በጣቴ ጫንኩት። ሲጫኑት ይገባል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ዕድሜውን ዱላ ሲያቃና የኖረ ሰው፣ የማይመታ ዱላ እንዴት ይገባዋል? በአባቴ አልፈርድም። ያን ወይራም አልጠላሁትም።

አባቴ ያረፈው ባለፈው ክረምት ነው። በመጨረሻው ቀን፣ እሱ እንዳስለመደኝ፣ በግራዬ እንዲሆን አድርጌ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እጄን ያዝ አደረገና እንዲህ አለኝ፦

"ልጄ፣ ዛሬስ በምታዪኝ በኩል ዙሪ።"