ሲንቄና የሞያሌዋ ማሽን

በ1994 ዓ.ም. ነገሌ መናኸሪያ አጠገብ ከነበረው ካፌ ማኪያቶ የጠጣ ሰው ሲንቄን ሳያስታውሳት አይቀርም። የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ማሽኑ ላይ የምትቆመው እሷ ነበረች። የጦር ሠፈሩ መካኒክ ሃምሳ አለቃ በፍቃዱም የለመዳት በዚያው ባንኮኒ ነው። ማሽኑ አሮጌ ነበር። ትርፍ እንፋሎት የሚያስተነፍሰው ቫልቭ እያፈሰሰ አላስቀምጥ ቢለው ባለቤቱ በሽቦ ጠፍሮ አሰረው። አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ፈነዳ። የሲንቄን ግራ ክንድ ከትከሻዋ እስከ አንጓዋ ገሸለጠው፤ አብራት የምትሠራውን የእሙሽን አንድ ዓይን አጠፋ።

ከዚያ ወዲህ ማሽን አጠገብ ደርሳ አታውቅም። በፍቃዱን አገባች፣ መዝገብ ቤት ተቀጠረች፣ ሁለት ሴት ልጆች አሳድጋ ዳረች። ፍርሃቱ ግን አልለቀቃትም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ የጭነት መኪና ፍሬን ቱሽ ባለ ቁጥር መንገድ ዳር ቁጢጥ ትላለች።

በፍቃዱ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ ካፌ መሄድ ቀረ፤ ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር ይቆዝም ጀመር። አንድ ከሰዓት የሞያሌ መስመር ሹፌሩ አብዱባ ካርቶን ታቅፎ ገባ።

"ናጋ፣ ሲንቄ! ሰላም ናችሁ? ሃምሳ አለቃ ያዘዘኝ ዕቃ ነው" ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ያገለገለች ትንሽ የኤስፕሬሶ ማሽን ነበረች። ውሃ ከላይ ይሞላባትና ክዳኗ ይጠብቃል፤ ሲፈላ እንፋሎቱ ውሃውን በቡናው ውስጥ ገፍቶ ያወጣዋል። ሲንቄ ሳታስበው ክንዷን ያዘች።

"በፍቄ፣ ይሄ ነገር እዚህ ቤት አያድርም።"

"አንቺ አትነኪያትም። እኔው ነኝ የምሠራት" አላት። ከታመመ ወዲህ ፊቱ እንዲህ ፈክቶ አይታው አታውቅምና ተወችው።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ እሱ ማሽኗን ሲሰካ እሷ ጓሮ ወጥታ ጆሮዋን ትደፍናለች። ቡናው ግን አልሆነለትም። መጀመሪያ ቀጥኖ እጣቢ መሰለ። ቡናውን ይበልጥ አስወቀጠው፤ አመድ አመድ አለ። በሙቀጫ ዘነዘና ጠቀጠቀው፤ ባሰበት። "ዛሬ አንድ ነገር አገኘሁላት" እያለ በየቀኑ ይነግራታል። ምን እንዳገኘ አትጠይቀውም፤ መስማቱን ራሱ ትፈራለች።

አንድ እሑድ ጓሮ ቆማ ጠበቀች። ጣቷን አልፎ የሚሰማት የለመደችው የመጉረምረም ድምፅ ቀረ። ጣቷን ከጆሮዋ አወጣች። ጭጭ።

"በፍቄ?"

"አልወርድ አለኝ" አለ ከውስጥ። "አንድ ጠብታ የለም። ቫልቯ ታፈስ ስለነበር ትናንት በቴፕ ጠቅልዬ ደፈንኳት፤ እንፋሎቱ ባከነ ብዬ እኮ ነው። ቆይ፣ ክዳኗን ልክፈታት።"

"አትንካት! በልጆችህ ይዤሃለሁ፣ አትንካት!"

ወደ አጥሩ በር ሁለት እርምጃ ሮጣ ቆመች። ሰውየው ያለ ምርኩዝ አይነሳም። ተመልሳ በረንዳው ላይ ያለውን ቆጣሪ ያዘችና ማጥፊያውን አወረደችው። መብራቱ ቢጠፋም የታመቀው እንፋሎት የትም እንደማይሄድ ግን ታውቃለች። ሌላ ሰው ትጣራ? እስኪመጣስ? ሳፋው ውስጥ የተዘፈዘፈውን ብርድ ልብስ ውሃው እየተንጠባጠበ አንስታ ገባች።

ማሽኗ ከጎኗ ጭስ የመሰለ ቀጭን እንፋሎት ትተፋለች። በፍቃዱ ግራ እጁን ክዳኑ ላይ እንዳንዣበበ ቀርቷል። "ያ ዋቃ፣ አምላኬ" እያለች ብርድ ልብሱን ጣለችባት፤ ባሏን ከነወንበሩ እየጎተተች ከደጃፉ አሳለፈችው።

"በቃ፣ እዚሁ እንቆይ" አላት።

እሷም እንደዚያው አሰበች፤ ብትተዋት በራሷ ጊዜ ትበርዳለች። እንፋሎቱን አፍኖ የያዘው የክዳኗ ጎማ እስከዚያ ባይችልስ? የጎረቤት ልጆች እየሮጡ መግባት ልማዳቸው ነው። ተመለሰች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እጇን በብርድ ልብሱ ሥር ሰደደችና ወተት የሚፈላበትን የእንፋሎት ቱቦ መክፈቻ ቀስ እያለች አዞረችው። እንፋሎቱ እየፏጨ ሲወጣ ጮኸች፤ እጇን ግን አላነሳችም። ድምፁ ሲያልቅ ወለሉ ላይ ተዘረጋች፤ ቀሚሷ ላብ በላብ ሆኖ ነበር።

በፍቃዱ "ትጣል። አብዱባ ይውሰዳት" አለ።

እሷም መጣሏን ፈልጋ ነበር። ማሽኗ ስትበርድ ግን ምን እንደዘጋት ለማየት ፈታታቻት። ቡናው እንደ ዱቄት ልሞ እንደ ጭቃ ተጠቅጥቋል። "አንተ ሰው፣ በዚህ ውስጥ ምን ያልፋል?" ብላ ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት የምታውቀውን ሥራ ስትናገር ራሷን ሰማች።

ቴፑን ልጣ ጣለች። ከገበያ አዲስ ቫልቭና ጎማ፣ ከአንዲት ነጋዴም በእጅ የሚዞር መፍጫ ገዛች። ቡናውን ጨው እስኪመስል ብቻ ፈጨችው፤ ሳትጠቀጥቅ በማንኪያ ጀርባ ደለደለችው፤ ቀድሞ የሞቀ ውሃ ሞላች። ቡናው ቡናማ ሆኖ ወርዶ ሊነጣ ሲል አቆመችው፤ ያ የአመድ ጣዕም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ከሚወርደው ውሃ ነበር።

በፍቃዱ ቀመሰ። "እንደ ድሮው አይደለም" አለ። "ግን ቡና ነው።"

ማሽኗን እሱ እንዳይነካት ተከለከለ፤ ያኮርፋል። ሲንቄ እስከ ዛሬ ደጃፉን ሳትከፍት አትሰካትም። ቆማ ትጠብቃለች፤ የመጀመሪያው ጠብታ እስኪወርድ ትንፋሽዋን ትይዛለች።