እናቴ የማታውቀው የሞተር ድምፅ

የአባቴ ሚኒባስ የናፍጣ መኪና ነበር፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አያንስም። ከሳሪስ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ አቃቂ ሲመላለስ ይውልና አመሻሽ ላይ ወደ ሰፈራችን ሲታጠፍ ገና ከወፍጮ ቤቱ ጋ ይሰማል። ቷ፣ ቷ፣ ቷ እያለ ነው የሚመጣው። ያን ጊዜ እናቴ የያዘችውን ትታ ትነሳለች። ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች ትወጣና የግቢውን በር ትከፍትለታለች። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር አይታያትም። በር መክፈቱን ግን ለማንም አትለቅም። እኔ ቤት ብኖርም እንኳ፣ «ተቀመጪ፣ የኔ እንግዳ ነው» ትለኛለች።

እኔ ያኔ በአውቶ መካኒክ ተመርቄ ሳሪስ አንድ የፖምፓና የኢንጀክተር ጥገና ቤት ተቀጥሬ ነበር። ቀለበት መንገዱ ከተሠራ ወዲህ የመኪናው ብዛት ጨምሮ ስለነበር ሥራ አይታጣም። መጀመሪያ ሰሞን ሾፌሮች ገብተው፣ «ባለሙያው የለም እንዴ?» ሲሉኝ፣ «አለ፤ ቆማለች» እላቸው ነበር። እየቆየ ለመዱኝ።

ሥራውን ለሰው ማስረዳት ከባድ አይደለም። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ አይነሳም። አየሩ በፒስተን ተጨምቆ ይግላል፤ እዚያ ግለት ውስጥ ናፍጣው ሲረጭ ራሱ ይቀጣጠላል። ረጪው ኢንጀክተሩ ነው። ውስጡ በሞላ ተጭኖ የተያዘ ቀጭን መርፌ አለ። ፖምፓው ናፍጣውን በኃይል ሲገፋው መርፌው ብድግ ይላል፣ ናፍጣው በጠባቧ ቀዳዳ ጉም ሆኖ ይወጣል፣ መርፌው ወዲያው ተመልሶ ይከድነዋል። መርፌው ሲበላ ወይም ጫፉ ጥቀርሻ ሲይዝ ግን ጉሙ ይቀርና ይንጠባጠባል። ጠብታ ደግሞ በወጉ አይነድም፤ ሞተሩን ያንኳኳዋል፣ ጭስ ሆኖም ይወጣል።

የአባቴ መኪና የዚህ በሽታ ምልክት አንድም አልቀረውም ነበር። ጠዋት አልነሳም ይላል። ሲነሳም ጎረቤት ያሰጣችው ልብስ ላይ ጭሱን ይለቅባታል። መብራት ላይ ሲቆም ይንቀጠቀጥና መስኮቱን ሁሉ ያንቀጫቅጨዋል፤ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፤ ናፍጣ እንደ ውሃ ይጠጣል።

«አባዬ፣ አምጣውና ልየው» እለዋለሁ።

«ምን ሆነና? ይሄዳል እኮ» ይለኛል።

ደጋግሜ ጠየቅሁት፤ መልሱ ያው ነው። የሰው ሁሉ መኪና እየሠራሁ የገዛ አባቴ በእጄ ያላመነ መሰለኝና ከፋኝ። መክፋቴን ግን አልነገርኩትም።

አንድ ቅዳሜ ከሳሪስ ተሳፋሪ ጭኖ ወደ ቃሊቲ ወረደ። ቅዳሜ ብዙው ሰው ጠያቂ ነው፤ ማረሚያ ቤት ላለ ዘመዱ ስንቅ የያዘ። ጋቢና አጠገቡ የተቀመጡት አንዲት ከገጠር የመጡ እናት ነበሩ። ልጃቸውን ሊያዩ ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነው። መንገድ ላይ መኪናው ጉልበቱን እያጣ፣ እየተንቀጠቀጠ ሄደና ቀጥ አለ። አባቴ ቢሞክር ቢሞክር ጥቁር ጭስ ብቻ። ሌላው ተሳፋሪ እያጉረመረመ ወርዶ ሌላ መኪና ያዘ። እሳቸው ግን ሳህን የታሰረበትን ጨርቅ እንዳቀፉ አስፋልቱ ዳር ቆሙ።

«ልጄ፣ ሰዓቱ ያልፍብኝ ይሆን?» አሉት።

አባቴ መኪናውን ቆልፎ ስንቃቸውን ተቀበላቸው። «አያልፍብዎትም፤ ይከተሉኝ» ብሎ በእግሩ አደረሳቸው። ሲደርሱ ጠባቂው በሩን ሊዘጋ ነበር። ለመነውና ገቡ። አባቴም እስኪወጡ ውጭ ጠበቃቸው፤ ሲወጡም የመመለሻ ታክሲ ላይ አሳፍሯቸው መኪናውን በሰው መኪና አስጎትቶ መጣ።

ያን ዕለት ራት አልበላም። «ልጃቸውን ሳያዩት ቢመለሱ በእኔ ነበር» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሰኞ ላምጣልሽ» አለኝ።

ሰኞ ጠዋት እየተገፋም እየተለመነም ተነሳና ደረሰ። ኮፈኑን ከፍቼ ሞተሩ እየሠራ የየኢንጀክተሩን ቱቦ የሚያስረውን ዳዶ ተራ በተራ ላላ አደረግሁ። ጤነኛው ሲላላ ሞተሩ ይጎድልበታል፣ ድምፁ ይቀየራል። የሞተው ሲላላ ግን ሞተሩ ነገሬ አይለውም፤ ድሮም አላገዘውማ። አንደኛውና ሁለተኛው ላይ ድምፁ ተለወጠ። ሦስተኛው ላይ ምንም። አራተኛው ላይ ለወጉ ያህል።

ፈትቼ በእጅ በሚገፋው መሞከሪያ ላይ አሰርኳቸው። አባቴ አጠገቤ ቆሞ ያያል። የመጀመሪያውን ስገፋው ፍሽሽ ብሎ ጥሩ ጉም ወጣ። ሦስተኛውን ስገፋው ከጫፉ እንደ ንፍጥ ተንጠለጠለ።

«ይሄ ነው እንዴ?» ብሎ ጣቱን ሊዘረጋ ሲል አንጓውን ለቀም አደረግሁት።

«አባዬ! እጅህን! ይሄ ሲረጭ ቆዳ በስቶ ደም ሥር ይገባል!»

ደንግጦ ቆመ። እኔም እጁን አልለቀቅኩም ነበር። ሁለታችንም እጃችንን አየን፤ የሁለታችንም በግራሶ ጠቁሯል፣ ጥፍራችን ሳይቀር አንድ ዓይነት።

«እናትሽን ትመስላለች ሲሉ እሰማለሁ» አለ። «እጅሽ ግን የኔ ነው።»

ጫፎቹን በአዲስ ቀየርኳቸው፣ ከሥራቸው የሚያሽጉትን የመዳብ ሮንዴላዎች አደስኩ፣ መልሼ አሰርኩ። ሲያስነሳው መኪናው በአንዴ ተነሳ። ማንኳኳቱ ጠፋ፣ ጭሱም ጠፋ፤ ለስለስ ብሎ ብቻ ይሠራል። እኔ ፊቱን እየጠበቅሁ ነው። አባቴ ግን መሪውን ይዞ ግንባሩን ቋጠረ።

«ደስ አላለህም?» አልኩት።

«ደስ ይላል። ግን አሁን እናትሽ በምን ታውቀኛለች?»

ለካ እንዲያ እምቢ ይል የነበረው ለዚህ ኖሯል። በእጄ አላመነም ብዬ የተቀየምኩትን አስቤ አፈርኩ።

አመሻሽ ላይ አብረን ሄድን። ወፍጮ ቤቱን አለፍን፣ ታጠፍን፣ በራችን ላይ ቆምን። የወጣ ሰው የለም።

«ጥሩምባ ንፋላት» አልኩት።

«ቆይ» አለኝ።

ወርጄ ገባሁ። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ጆሮዋን ወደ ውጭ ሰጥታ። «የማን መኪና ነው ደጃችን የቆመው? አባትሽ ዛሬ ቆየ እኮ» አለችኝ።

አባቴ ከውጭ ሆኖ ሰማት። «የኔ ነው! እኔ ነኝ!» አለ።

ወጣች። ኮፈኑን ዳበሰችው፤ ለብ ብሎ ነበር። «ምነው ልሳኑን ዘጋችሁት?» አለች። ፈገግ ብላለች፣ እጇ ግን ከኮፈኑ ላይ ቶሎ አልተነሳም። ያን ሰሞን አባቴ በር ላይ ሲደርስ እየወረደ ራሱ ይከፍት ነበር። እሷም በእጇ ምን እንደምትሠራበት ግራ የገባት ይመስል ሲገባ ነጠላዋን ስታስተካክል አገኛታለሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባቴ በር ላይ ወንበር አወጣላት። «ተቀመጪና ስሚኝ» አላትና መኪናውን አስነስቶ ሄደ። እስከ ወፍጮ ቤቱ ይሄዳል፣ ይዞራል፣ ይመጣል። እንደገና ይሄዳል። ጎረቤቶች ወጥተው፣ «ምነው፣ ፍሬኑ ነው እንዴ?» አሉት። «አይ፣ ባለቤቴን እያለማመድኩ ነው» ብሎ አለፋቸው። እናቴ መጀመሪያ የሌላ ሰው ሚኒባስ ሲያልፍ ተነስታ በሩን ከፈተችለት። ሾፌሩም ግራ ገብቶት ሰላምታ ሰጣት። ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ተመልሳ ተቀመጠችና አንገቷን ደፍታ ታዳምጥ ጀመር።

ቆይታ እጇን አነሳች። እኔ ምንም አልሰማሁም። «መጣ» አለች። እውነትም ትንሽ ቆይቶ መኪናው ብቅ አለ።

«በምን አወቅሽ?» አልኳት።

«ሌላው ሰው ሲታጠፍ ማርሽ የሚቀይረው ተረጋግቶ ነው። እሱ ቤት ሊገባ ሲል ይቸኩላል» አለችና በሩን ልትከፍት ተነሳች።

ከዚያ ወዲህ ጆሮዋ ሥራ አላጣም። አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ፣ «የሽንኩርት ነጋዴው የጭነት መኪና ሲነሳ ያስለዋል። አንዱ ኢንጀክተሩ ታሟል፤ አንቺ ጋ ይምጣ በይው» አለችኝ። ነገርኩት፤ መጣ። ኢንጀክተሮቹን ፈትቼ ሞከርኳቸው።

ማታ ስገባ፣ «እማዬ፣ አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «ሁለተኛው ገና ሲጀምረው ይሆናል» አለችኝ።