ኩፍኝ ያጠነከራት ልጅ

«ኩፍኙ እኮ ለቋት ነበር!» እህቴ ዛሬ ጠዋት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ይህን እየደጋገመች ታለቅሳለች። ከገሳይ ከተማ ይዘናት የመጣነው የአራት ዓመት ልጇ ኦክስጅን ተደርጎላታል።

ልጅቷ ክትባት አልወሰደችም። የእህቴ አማት «ኩፍኝ አንዴ ከወጣላት ያጠነክራታል» ብለው ከልክለዋል። ባለፈው ወር ሲወጣባትም ጨለማ ጓዳ አስተኝተው «መርፌ ከነካት ትሞታለች» አሉ።

ስትድን ጠበል ጸዲቅ ተደገሰ። (ዳቦው ግሩም ነበር።)

ሐኪሙ ዛሬ ቁጭ አድርጎ አስረዳን። «ኩፍኝ ሲበረታ በሽታ የሚከላከሉልንን ሴሎች ይገድላል፤ ድሮ ያሸነፉትን በሽታ የሚያስታውሱትን ጭምር። አሁን የያዛት የሳንባ ምች ሲመጣ ጠባቂ የሌለው ቤት ነው ያገኘው።»

አጠነከራት ማለት እንግዲህ ይሄ ነው!

አብረውን የመጡት አማቷ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ሐኪሙ ሲወጣ ወደ እህቴ ዞረው፣ «ትንሹን ልጅሽን አደራ፣ እሱ ገና አልወጣለትም፤ መርፌ እንዳታስነኪው» አሉ።

እህቴ ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ለእኔ አቀበለችኝ።

እናንተ ቤት ክትባት የሚከለክለው ማን ነው? ጻፉልኝ። ትንሹን አዝዬ የክትባት ወረፋ ላይ ቆሜ አነበዋለሁ።