ከድር እና መንገድ የሚያውቀው ፈረስ

ከስንት ዓመት በኋላ ሮቤ ገብቼ ጋሪ ብሳፈር፣ ባለጋሪው የልጅነት ጓደኛዬ ከድር ሆኖ አገኘሁት። የክፍላችንን ልጆች ሁሉ ስም እስከ አያት በቃሉ ይጠራ የነበረው ከድር። ስሜን ሳልነግረው እስኪያውቀኝ ጠበቅኩ።

«አካም ጅርታ፣ ወንድሜ» ብሎ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ ሰላምታ ሰጥቶ ጨበጠኝ።

መታጠፊያው ላይ ከድር ልጓሙን ሳይነካ ጋሪው ታጠፈ። ገርሞኝ አየሁት።

«እኔ መንገድ ይጠፋብኛል፣ ፈረሱ ግን ያውቃል» አለ፣ የሌላ ሰው ወሬ እንደሚያወራ። «ጆሃንስበርግ ሳለሁ ኮኬይን ለመድኩ። አንድ ቀን ራሴን ስቼ ወደቅኩ። ሐኪሙ የአንጎልህ ደም ሥር ተዘግቷል አለኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ጠፍቶብኛል።»

ፈረሱ ማንም ሳያዘው አንድ ሰማያዊ በር ላይ ቆመ። የድሮ ቤታችን ነው፤ አባቴ ሲሞት ሸጠነዋል። ከድር በየጠዋቱ እዚህ በር ላይ ቆሞ ያፏጭልኝ ነበር። እኔ ዳቦዬን እያኘክሁ እወጣና አብረን ወደ ትምህርት ቤት እንሮጣለን።

«ለምን ቆምን?» አልኩት።

ከድር ወደ በሩ አፏጨ።

«ትንሽ ታገሠኝ» አለኝ። «የዚህ ቤት ልጅ ሁሌ ያረፍዳል።»