እንሰት ከማውጫው የጠፋ ዕለት

ያሳደግኳት የልጅ ልጄ ሲቀላ ሰፈር በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች። ከሌሎች መምህራን ጋር ሆነው ተማሪዎች በስልካቸው የሚያነቡት አንድ የጋራ መማሪያ በኢንተርኔት ላይ እያዘጋጁ ነበር። ለእያንዳንዱ መምህር አንድ ምዕራፍ ተሰጥቶት የእሷ ድርሻ እንሰት ሆነ። ስለ እንሰት እኔን ስትጠይቅ ስለከረመች ምዕራፉ በከፊል የእኔ ነው እላለሁ፤ እሷ ባትስማማም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሴቻ ሰፈር ወዳለው ቤቴ መጥታ ኮምፒውተሯን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

«ምን ሆነሻል?»

«ምዕራፌን መለሱብኝ፣ እማዬ። ስታይሉን አልጠበቀም ተባልኩ። እስከ ሰኞ ካልተስተካከለ ያለ እኔ ይለቀቃል።»

እኔ ስታይል የሚባለውን የማውቀው በልብስ ነው። አሳዪኝ አልኳት። ከአራተኛ ክፍል ባላልፍም ማንበብ አያቅተኝም። ትልልቆቹ ርዕሶች ቀይ፣ ትንንሾቹ ቢጫ፣ ጽሑፉ ጥቁር ነው። ዶርዜ ላይ አባቴ ሲሸምነው እያየሁ ያደግኩት የባህል ልብሳችን፣ የዱንጉዛ ቀለም ነው። ያን ጊዜ ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። ምዕራፉን የመለሰባት አስተባባሪ ከሰሜን መጥቶ እዚህ ያረጀ መምህር ነው፤ ቤቱ ከእኛ ዝቅ ብሎ ይገኛል። እንሰታችንንም ቀለማችንንም ንቆ ነው አልኩ።

«ጠብ እኮ አይደለም፣ እማዬ።»

«ጠብ ካልሆነ ለምን ዓይንሽ ቀላ?»

ከአጥሬ ሥር እርጥብ ሣር ነጭቼ ወጣሁ። በእኛ ዘንድ ሣር ይዞ ለዕርቅ የመጣን ሰው ሳይሰሙ መመለስ ነውር ነው። ሣር መያዝ የሽማግሌዎች ሥራ መሆኑ አልጠፋኝም። ሽማግሌዎቻችን ግን ለኮምፒውተር ጉዳይ የሚነሡ አልመሰለኝም። የልጅ ልጄ ኮምፒውተሯን ታቅፋ እያፈረች ተከተለችኝ።

መምህሩ በረንዳው ላይ ነበር። ሣሩን ሲያይ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«እናቴ፣ ማን ተጣላ?»

«አንተና እሷ።»

ወደ እሷ ዞረ። «ተጣልተናል እንዴ?»

«እኔ አላልኩም፣ ጋሼ» አለች መሬት መሬቱን እያየች።

አስቀመጠኝና ኮምፒውተሩን አዞረልኝ። ይህ የመማሪያው ማውጫ ነው፣ ማሽኑ ራሱ ርዕሶቹን እየለቀመ የሚሠራው ነው አለኝ። የሁሉም ምዕራፍ ተደርድሯል። እንሰት የለም። አጥፍተኸዋል አልኩት። ወደ ታች ሲወርድ ግን ምዕራፏ ቁጭ ብሏል፤ ቀዩ ርዕስ ከነግርማው።

«ይኸው አለ አይደል?»

«ለእርስዎ ዓይን አለ። ማሽኑ ግን ትልቅ ነው፣ ቀይ ነው ብሎ ርዕስ አያደርገውም። ርዕስ መሆኑ ስታይል በሚባለው ምልክት ሊነገረው ይገባል። እሷ ጽሑፉን አተለቀችው፣ ቀለም ቀባችው፤ አልነገረችውም። ገረሴ ከተማ ያለ ተማሪ ማውጫውን ነክቶ ነው ወደሚፈልገው ምዕራፍ የሚሄደው። እንሰትን አያገኘውም።»

ግራ ገባኝ። እኔ አሮጊቷ በመነጽር የማየውን ርዕስ፣ ያን ያህል ብልህ ነው የሚሉት ማሽን እንዴት አያየውም? ደግሞ አስረዳኝ። ደግሞ አልገባኝም።

«ይቅር፤ ሌላ ልጠይቅህ» አልኩት። «እንዲህ ያጠፋችው እሷ ብቻ ናት?»

ሳል ሳል አደረገው። «አንድ ሌላ መምህር አለ።»

«የእሱስ ለምን ማውጫው ላይ ወጣ?»

«እኔ አስተካከልኩለት። ትልቅ ሰው ነው፤ ዘመን አብረን አስተምረናል። እሷ ወጣት ስለሆነች ትልመደው ብዬ ነው።»

ይህ ያለ ማሽን ገባኝ። ጠረጴዛው ላይ ያኖርኩትን ሣር መልሼ አነሣሁ። «ወይ የሁለቱንም አስተካክል፣ ወይ የሁለቱንም መልስ።»

የልጅ ልጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ በጋሞኛ «የእኔንም ያስተካክልልኝ ብቻ በይው» አለችኝ።

«ሰምቻለሁ» አለ መምህሩ፣ እሱም በጋሞኛ።

ስልኩን አነሣና ለዚያ መምህር ወዳጁ ደወለ። ምዕራፍህን መልሼልሃለሁ፣ ራስህ አስተካክለው አለው። «ደግሞ የማን ትእዛዝ ነው?» የሚል ድምፅ ከስልኩ ወጣ። «አጠገቤ ተቀምጠዋል» አለ መምህሩ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ከዚያ ለልጅ ልጄ የት የት እንደምትነካ አሳያት። እዚያው በረንዳ ላይ ርዕሶቿን አንድ በአንድ ነካካች። በነካች ቁጥር ግን ቀዩም ቢጫውም እየጠፋ እንደ ሌሎቹ ጥቁር ሆነ። እኔ የመጣሁት ለዚህ ነበር እንዴ?

«ቀለሙን ምን በላው?»

«የጋራው ስታይል ጥቁር ነው፣ እናቴ። ስልክ የሌላቸው ተማሪዎች የሚያነቡት ኮፒ ተደርጎ ነው፤ ኮፒ ላይ ቀይና ቢጫ ይደበዝዛል።»

ስልክ የሌለው ልጅ ደብዛዛ ያንብብ ማለት አልቻልኩም። «እንግዲያው ጥቁር ይሁን» አልኩ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ።

እሑድ ስልኳን ሰጠችኝ። ማውጫው ላይ እንሰት የሚል መስመር ወጥቷል። በጣቴ ስነካው ምዕራፉ ዘሎ መጣ። ተመልሼ ደግሜ ነካሁት፤ አሁንም መጣ። እንዴት እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

ከዚያ የዚያን ሌላ መምህር ምዕራፍ ፈለግኩት። አጣሁት።

«አልጨረሰም» አለች። «ምን አስጨነቀሽ? የእኔ ወጣ አይደል?»

«ሰኞ እኮ ነገ ነው። ስታይሉን ማን አሳየው? አንቺን በረንዳ ላይ አስቀምጦ አሳይቶሻል።»

ሣር ይዤ ወደ መምህሩ ልመለስ ወይ ብዬ ስጠይቃት ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ስታይሉን ልታሳየው ላልጨረሰው መምህር ራሷ ደወለችለት።