ከአጠገባቸው ሳልለይ

ስድስት ዓመት ሙሉ አባቴን የጦርኩት እኔ ነኝ። አጥቤ፣ አጉርሼ፣ ደግፌ። ይህን ማንም አይወስድብኝም። ታናሽ ወንድሜ ግን ዘጠኝ ዓመት ጠፍቶ ከርሞ፣ አባታችን ከሞተ ወዲያ፣ ከሄደበት መጣና «ሞጣ ልጇ ጋ ተቀምጣ መቼ ጦረችው!» ብሎ፣ የጦረ ይውረስ ተብሎ በተሰጠኝ በአባታችን መሬት ከሰሰኝ። መሬቱን ከተቀማሁ ምን በልቼ ላድር ነው?

ቢቸና ፍርድ ቤት በር ላይ ያለው ራፖር ጸሐፊ የነገርኩትን ይዞ የክሱን መልስ ጻፈልኝ፤ ፈርሜ አስገባሁ። ኋላ ግልባጩን ሲያነብልኝ «እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ከአጠገባቸው ሳልለይ» ይላል። ክው አልኩ። አባቴ ሲሞት እኮ እኔ ሞጣ ነበርኩ! ልጄ ወልዳ፣ ለሦስት ቀን ብዬ አራስ ልጠይቅ ሄጄ፣ ጎረቤታችን ጠዋት ቢያንኳኩ ብቻውን ሞቶ አገኙት። እሳቸውም ለእኔ አዝነው ለማንም አልተነፈሱም።

«ኧረ ይህን ሰርዝልኝ!» አልኩት።

«እትዬ፣ ለሁሉም እንዲሁ ነው የምጽፈው። አሁን አንዷን ቃል ቢሰርዙ ሌላውን ማን ያምንዎታል? ፈርጠም ብለው በዚያው ይጽኑ» አለኝ።

ግራ ገባኝ። የስድስት ዓመት እውነት የሦስት ቀን ውሸት ይፈልጋል እንዴ? የንስሐ አባቴን ልጠይቅ አልኩና፣ የሚሉኝን ስለማውቅ ተውኩት።

በቀጠሮው ቀን ዓይኔን በጨው ታጥቤ ቆምኩ። ዳኛው ሲጠይቁኝ «አልተለየሁትም» አልኩ። ደግመው ቢጠይቁኝም ያችኑ። ድፍረቴ ራሴን ገረመኝ። ከዚያ ወንድሜን «ጥያቄ አለዎት?» አሉት። ሊያፋጥጠኝ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

እሱ ኮፍያውን እያሻሸ «ሲሞት ምን አለ?» አለኝ።

ወይኔ! ይህን ማን አስጠናኝ? ዝም ብል አለቀልኝ።

«አንተን ጠራህ» አልኩት። «ልጄ መጣ ወይ? አለ።»

እዚያው ችሎት ፊት ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ክሱንም ተወው፤ መሬቱ ለእኔ ጸና።

የሚገባኝን ነው ያገኘሁት፤ ታዲያ ምን ያሳፍረኛል? እንጃ። አንድ ቀን ወንድሜን አጽናናሁት እላለሁ፤ በማግሥቱ ምነው ምላሴን በቆረጠው እላለሁ። እሱ እንደሆነ በመጣ ቁጥር ያንኑ ንገሪኝ ይለኛል፤ እኔም እንዳላፋልስ ቃል በቃል ይዤዋለሁ። ባለፈው እሁድ ግን አዲስ ነገር አመጣ።

«አንድ ጊዜ ነው ሁለት ጊዜ የጠራኝ?»

«ሁለት ጊዜ» አልኩት፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ።